የተጨማደደው መሬት፦ የውርጭ ሥራ ነው ወይስ የመሬት መንቀጥቀጥ?

በባልቲክ ባሕር ደቡባዊ ዳርቻ፣ ከሰሜን ጀርመን እስከ ፖላንድና ሊትዌኒያ ድረስ፣ የአሸዋ ማውጫ ጉድጓድ ሞልቷል። ከነዚህ በአንዱ ገብታችሁ ግድግዳውን ብታዩ መጀመሪያ የሚያስገርም ነገር የለውም። አሸዋ፣ ከላዩ ደቃቅ ደለል፣ ከዚያ ደግሞ አሸዋ። መሶብ ውስጥ እንደተደራረበ እንጀራ ለጥ ብሎ ተነጥፏል። ድንገት ግን መሐል ላይ አንድ ያበደ ንብርብር ዓይናችሁ ይገባል። ተጠቅልሏል፣ ተንጠልጥሏል፣ አንዳንድ ቦታ እንደ እሳት ምላስ ወደ ላይ ተስቧል። ከላዩም ከሥሩም ያለው ግን ንቅንቅ አላለም።

ይህን የሠራው ማን ነው? ባለሙያዎች ቶሎ የሚጠረጥሩት ሁለት ነው፦ የመሬት መንቀጥቀጥ ወይም ውርጭ። አንዱ በደቂቃ የሚጨርሰውን ሌላው በመቶና በሺህ ዓመታት ቀስ ብሎ ይሠራዋል። ሥራቸው ግን መንትያ ይመስላል። ፎቶውን ብቻ ብታሳዩት ብዙ ዓመት የሠራ ጂኦሎጂስት እንኳ ሊሳሳት ይችላል።

ልዩነቱ ደግሞ የቃላት ጉዳይ ብቻ አይደለም። መንቀጥቀጥ ነው ከተባለ አካባቢው ለከተማ፣ ለግድብ፣ ለኒውክሌር ጣቢያ አስጊ ነው ማለት ነው። ውርጭ ነው ከተባለ የድሮ ቅዝቃዜ ትዝታ ነው፤ ማንም አይደነግጥም።

ድፍን መሬት እንዴት እንደ ገንፎ ይሆናል?

ገበያ ላይ እህል ሲሰፈር አይታችሁ ከሆነ ገዢው «ነቅነቅ አድርጊው እንጂ» ማለቱ አይቀርም። ቁናው ሲነቀነቅ እህሉ ወረድ ይላል። ፍሬዎቹ ይጠጋጋሉ፣ በመሐላቸው የነበረው አየር ይወጣል።

አሸዋም እንደዚያው ነው። ውኃ የጠገበ አሸዋ ግን በፍሬዎቹ መሐል ያለው አየር ሳይሆን ውኃ ነው። መሬት ሲንቀጠቀጥ ፍሬዎቹ ሊጠጋጉ ይሞክራሉ። ውኃው ደግሞ በዚያች ቅጽበት የሚያመልጥበት መንገድ የለውም። ስለዚህ ከላይ ያለውን ክብደት ፍሬዎቹ መሸከማቸውን ትተው ውኃው ይሸከመዋል። አሸዋው ፍሬ ከፍሬ መደጋገፉን ሲያቆም፣ ለአጭር ጊዜ እንደ ቀጠነ ገንፎ ይሆናል። በሙያው ቋንቋ ይህ ሊክዊፋክሽን ይባላል፤ አፈር ወደ ፈሳሽነት መለወጡ ማለት ነው።

ጃፓን ኒጋታ ከተማ ላይ እ.ኤ.አ. በ1964 የሆነው ይህ ነው። አንዳንድ የመኖሪያ ሕንጻዎች ራሳቸው ብዙም ሳይሰባበሩ፣ ሥራቸው ያለው አሸዋ ስለከዳቸው፣ ዘመም እያሉ ተጋደሙ። ሕንጻው ደህና፣ መሬቱ የለም።

ከመሬት በታች ደግሞ ሌላ ነገር ይካሄዳል። ከላይ ያለው ከበድ ያለ አሸዋ በሥሩ ወዳለው ለስላሳ ደለል እየተንጠባጠበ ይሰምጣል። ደለሉ በተራው በጠብታዎቹ መሐል እየተሾለከ ወደ ላይ ይወጣል። እሳት ምላስ ያልኩት እሱ ነው። የታፈነው ውኃም አሸዋውን ይዞ፣ መሬቱን ሰንጥቆ ወደ ላይ ይተኮሳል። ገጽ ላይ ሲደርስ ትንሽ የአሸዋ ጉብታ ይተፋል። አሜሪካ ውስጥ ኒው ማድሪድ አካባቢ እ.ኤ.አ. በ1811 እና 1812 የደረሱት መንቀጥቀጦች የተፉት አሸዋ እስከ ዛሬ እርሻው ላይ ነጣ ነጣ ብሎ ከአውሮፕላን ይታያል።

መንቀጥቀጡ ሲቆም ውኃው ይወጣል፣ አሸዋው ይረጋል፣ ቅርጹም በነበረበት ይቀራል። ከላዩ አዲስ ደለል ይነጠፍበታል። እንዲህ በመንቀጥቀጥ የተዛባ ንብርብር «ሳይስማይት» ይባላል። ስሙን ያወጣው ጀርመናዊው አዶልፍ ዛይላኸር ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1969።

አንድ ነገር እዚህ ላይ ያዙልኝ። ለዚህ ሁሉ ትንሽ ንቅናቄ አይበቃም። ባብዛኛው በመንቀጥቀጥ መጠን መለኪያው (ማግኒቲዩድ) 5 አካባቢ ወይም ከዚያ በላይ የሆነ መንቀጥቀጥ ያስፈልጋል።

ውርጭ መሬት ያጥፋል እንዴ?

እኛ አገር ውርጭ ማለት በኅዳርና በታኅሣሥ ማለዳ አዝመራ የሚያቃጥለው ነው። ጠዋት ሦስት ሰዓት ሳይሞላ ፀሐይ ታጠፋዋለች። እዚህ የምናወራው ግን ሜትሮች ድረስ ወደ መሬት ስለሚገባ ቅዝቃዜ ነው።

በሳይቤሪያና በሰሜን ካናዳ መሬቱ ከሥር ዓመት ከዓመት እንደ ድንጋይ ደርቆ የቀዘቀዘ ነው። ፐርማፍሮስት ይሉታል፤ ቢያንስ ሁለት ዓመት ሙሉ ከዜሮ ዲግሪ በታች የቆየ መሬት ማለት ነው። በበጋ የሚቀልጠው የላዩ ሽፋን ብቻ ነው። ውፍረቱም ብዙ ጊዜ ከጥቂት ሜትር አይዘልም። ከ20 ሺህ ዓመት በፊት፣ በመጨረሻው የበረዶ ዘመን፣ የዛሬዋ ፖላንድና ጀርመን ሰፊ ክፍልም እንዲሁ ነበር።

አሁን መኸሩ ሲገባ አስቡት። የላዩ ሽፋን ከላይ ወደ ታች መቀዝቀዝ ይጀምራል። ከሥሩ ደግሞ ያልቀለጠው ፐርማፍሮስት አለ። በመሐል ያለው እርጥብ ጭቃ ከላይ ክዳን ተገጥሞበት፣ ከታች ድፍን ወለል ይዞት ይጨናነቃል። መሄጃ ባገኘበት ይሄዳል። ይታጠፋል፣ ይጠቀለላል፣ ይገፋል። በዓመቱ ይደገማል። በሚቀጥለውም ዓመት።

ግፊቱ ከየት ይመጣል? ብዙ ሰው የሚያውቀው መልስ አለ፦ ውኃ በረዶ ሲሆን መጠኑ 9 በመቶ ያህል ይጨምራል። ሃይላንድ ሞልታችሁ ፍሪዘር ውስጥ ከረሳችሁት የሚሆነውን ታውቃላችሁ። ይህ እውነት ነው፤ ግን ትንሹ ክፍል ነው።

እስጢፈን ቴበር የተባለ አሜሪካዊ ተመራማሪ ከመቶ ዓመት ገደማ በፊት ቆንጆ ሙከራ አድርጓል። አፈሩን በውኃ ፋንታ በቤንዚን አራሰው። መኪና የምንሞላውን አይደለም፤ ኬሚስቶች በዚህ ስም የሚጠሩትን ፈሳሽ ነው። ይህ ፈሳሽ ሲጠጥር እንደ ውኃ አይጨምርም፤ እንዲያውም ይቀንሳል። አፈሩ ግን እንደዚያም ሆኖ ወደ ላይ አበጠ። ስለዚህ ሌላ ኃይል መኖር አለበት።

ኃይሉ መሳብ ነው። ኩራዝ ያየ ሰው ክሩ ጋዙን ከታች ወደ ላይ እንዴት እንደሚስብ ያውቃል። አፈር ውስጥ የተፈጠረ በረዶም በዙሪያውና በሥሩ ያለውን ውኃ በደቃቃ ቀዳዳዎች በኩል ወደ ራሱ ይስባል። የመጣው ውኃ እዚያው ይጠጥራል። ስስ የበረዶ ቂጣ ይሆናል፣ ቂጣው ይወፍራል፣ ከላዩ ያለውን አፈር ያነሳል። ድንጋዮች ከተኙበት ቀና ብለው የሚቆሙት በዚህ ነው። ይህ ሁሉ መተራመስ ክራዮተርቤሽን ይባላል። ቃሉ ያስፈራል እንጂ «በብርድ መታመስ» ማለት ነው።

እሺ፣ እንዴት ነው የሚለዩት?

ከሁሉ በላይ የማምነው ምልክት ስንጥቁ ነው። በሁለቱም ሁኔታ ግድግዳው ላይ በአሸዋ የተሞላ ስንጥቅ ታገኛላችሁ። የሚጠየቀው ጥያቄ አንድ ነው፦ አሸዋው ከላይ ገባ ወይስ ከታች መጣ?

የውርጩ ስንጥቅ ታሪክ እንዲህ ነው። በጣም በከበደ ክረምት የቀዘቀዘው መሬት ይኮማተርና ይሰነጠቃል፤ ጥቁር አፈራችን በበጋ ደርቆ እንደሚሰነጠቀው። በጸደይ የቀለጠ ውኃ ይገባበትና ይበርዳል። በዓመቱ እዚያው ላይ ይሰነጠቃል፣ እንደገና ይሞላል። መቶዎችና ሺዎች ዓመታት ሲደጋገም ከላይ ሰፊ፣ ከታች ሹል የሆነ የበረዶ ሽብልቅ ይሆናል። የአየር ጠባዩ ሲሞቅ በረዶው ይቀልጣል፣ ባዶ ቦታው ደግሞ ከላይ በተናደ አሸዋ ይሞላል። ከላይ ሆነው ሲያዩት ሽብልቆቹ ተገናኝተው መሬቱን እንደ ንብ እንጀራ ይከፋፍሉታል። የአንዱ ክፍል ስፋት ብዙ ጊዜ ከ10 እስከ 30 ሜትር ነው።

የመንቀጥቀጡ ስንጥቅ ደግሞ ግልብጡ ነው። አሸዋው ከሥር ካለ ንብርብር ተነስቶ ወጥቷል። ወደ ታች ብትከተሉት ምንጩ ላይ ያደርሳችኋል፤ እዚያ ከአሸዋው ንብርብር ጋር ይያያዛል። ወደ ላይ ሲሄድ ብዙ ጊዜ ይጠባል፣ አሸዋውም ይደቅቃል፤ ውኃው እያቀለለ ስለወሰደው። የውርጭ ሽብልቅ ከሥሩ ምንጭ የለውም። ሹል ሆኖ ያልቃል፣ በቃ።

ሁለተኛው ጥያቄ ወለሉን ይመለከታል። ውርጭ ከፐርማፍሮስቱ ጣሪያ በታች ያለውን አፈር አያምስም። ስለዚህ የታመሰው ሽፋን ከሥሩ ብዙ ጊዜ አንድ ደረጃ ላይ ይቆማል፤ በድሮው በጋ መሬቱ እስከዚያ ድረስ ይቀልጥ የነበረበት መስመር ነው። መታመሱ የተለያዩ ንብርብሮችን በአንድ ላይ ያቋርጣል። የንብርብሩን ዓይነት አይመርጥም ቢባልም፣ ደቃቅ ደለል ላይ ይበረታል፤ ውኃ መሳብ የሚችለው እሱ ነውና። መንቀጥቀጥ ግን መራጭ ነው። ውኃ የጠገበና ልል የሆነውን ንብርብር ብቻ ያፈሰዋል፤ ከሥሩ ያለው ጠጠር ወይም ድፍን ሸክላ ምንም ሳይሆን ይቀራል። የታመሰ ንብርብር በሁለት ያልተነኩ ንብርብሮች መሐል ሲገኝ፣ ያውም ከዚህ በላይ ከፍ ብሎ ሌላ የታመሰ ንብርብር ሲደገም፣ ጥርጣሬው ወደ መንቀጥቀጥ ያዘነብላል።

አንድ ቆራጥ ማስረጃም አለ፤ እኔ በጣም ነው የምወደው። ደለሉ የተነጠፈው ጥልቅ ሐይቅ ሥር ከሆነና የታመሰው ሐይቁ ሳይደርቅ ከሆነ ውርጭ ነጻ ወጣ። ጥልቅ ሐይቅ በክረምት ላዩ ይበርዳል እንጂ ወለሉ አይበርድም። ስለዚህ ከታመሰው ንብርብር ላይ ያለው ደለል ወዲያውኑ ጸጥ ባለ ሐይቅ ውስጥ እንደተነጠፈ ከታወቀ፣ በመሐል መሬቱ ለውርጭ የተጋለጠበት ጊዜ የለም ማለት ነው።

ከዚህ ወዲያ ያለው ልፋት ነው። መሄድ ያስፈልጋል። አንድ ጉድጓድ ምንም አያረጋግጥም። ያንኑ ንብርብር ኪሎ ሜትሮች ርቆ በሌላ ጉድጓድ መፈለግ፣ እዚያም ታምሶ እንደሆነ ማየት ነው። መንቀጥቀጥ መነሻ ቦታ አለው፤ ወደዚያ ስትጠጉ ጉዳቱ ይከፋል፣ ስትርቁ ይቀላል። በአሜሪካ ኢንዲያና እና ኢሊኖይ ጠረፍ፣ በዋባሽ ወንዝ ሸለቆ፣ እስጢፈን ኦበርማየርና ባልደረቦቹ የወንዙን ገደሎች በጀልባ እየዞሩ ያደረጉት ይህንኑ ነው። ከሥር የወጡትን የአሸዋ ስንጥቆች ስፋት እየለኩ ካርታ ላይ ሲያስቀምጡ፣ ሰፋፊዎቹ አንድ አካባቢ ተሰበሰቡ። ከ6 ሺህ ዓመት ገደማ በፊት እዚያ ትልቅ መንቀጥቀጥ እንደነበር የታወቀው በዚህ መንገድ ነው። ማንም ያልጻፈው፣ ማንም ያላስታወሰው መንቀጥቀጥ። ውርጭ ግን መነሻ ቦታ የለውም። ብርዱ አገር ምድሩን እኩል ይይዛል።

በማይክሮስኮፕ የሚነበብም አለ። በሞቃት አገር አፈር ሲያረጅ ቀድሞ የሚፈርሰው ፌልድስፓር የሚባለው ማዕድን ነው፤ ኳርትዝ ጠንካራ ነው። በተደጋጋሚ በሚበርድና በሚቀልጥ አፈር ግን ኳርትዙ በውስጡ ባሉ ስንጥቆች ቶሎ ይደቅቃል። ስለዚህ በደቃቁ ክፍል ኳርትዝ በዝቶ ከተገኘ፣ ያ አፈር ብርድ ቀምሷል። ልብ በሉ ግን፣ ይህ ብርድ እንደነበረ ይናገራል እንጂ እጥፋቱን ብርዱ እንደሠራው አይናገርም። ብዙ ክርክር የሚነሳው እዚህ ላይ ነው።

ውርጭ በሌለበት ማየት አይሻልም?

ይሻላል፤ አይተዋልም። ሙት ባሕር ከባሕር ጠለል በታች ከ400 ሜትር በላይ የወረደ ሞቃት ቦታ ነው። ውርጭን መጠርጠር አያስፈልግም። በዳርቻው ሊሳን የሚባለው የድሮ ሐይቅ ደለል፣ ነጭና ጥቁር ሆኖ እንደ ወረቀት ተደርድሯል። በመሐሉ የተሰባበሩና የተቀላቀሉ ንብርብሮች አሉ። እስራኤላውያኑ ሽሙኤል ማርኮና አሞጽ አግኖን እነዚህ ንብርብሮች መሬቱ ከተሰነጠቀባቸው ቦታዎች ጋር እንደሚገጥሙ እ.ኤ.አ. በ1995 አሳዩ። መንቀጥቀጥ ብቻውን ሲሠራ ምን እንደሚመስል ለማወቅ እንዲህ ያለ ቦታ ያስፈልግ ነበር።

ሁለት ተጠርጣሪ ብቻ ነው?

አይደለም። ወንዝ በአንድ ጎርፍ ብዙ አሸዋ ካፈሰሰ፣ ክብደቱ ራሱ በሥሩ ያለውን ጭቃ ያፈሰዋል። ማዕበልም እንዲሁ። የሚንቀሳቀስ ግግር በረዶ ፊቱ ያገኘውን ደለል እንደ ዶዘር እየገፋ ያጥፋል። ማሞዝም አለ፤ ዛሬ የጠፋው ጸጉራሙ የዝሆን ዘመድ። አትሳቁ፤ ከብት ውኃ ሲወርድ ዳርቻውን ምን እንደሚያደርገው ያየ ሰው፣ የማሞዝ መንጋ እርጥብ ደለል ላይ ሲያልፍ ምን እንደሚተው ይገምታል።

ከሁሉ የሚያስቸግረው ግን የሚቀልጥ ፐርማፍሮስት ነው። በረዶው ሲቀልጥ አፈሩ ከሚችለው በላይ ውኃ ይይዛል። ያኔ መሬት ሳይንቀጠቀጥ አሸዋው ይፈስሳል፣ ጠብታውም እሳት ምላሱም ይፈጠራል። መነሻው ብርድ፣ ቅርጹ የመንቀጥቀጥ።

ባልቲክ ላይ ለምን ይህን ያህል ይከራከራሉ?

ሁለቱ ተጠርጣሪዎች በአንድ ጊዜ እዚያው ስለነበሩ ነው። በበረዶው ዘመን ስካንዲኔቪያ ላይ እስከ 3 ኪሎ ሜትር የሚወፍር በረዶ ተቀምጦ ነበር። መሬቱ በክብደቱ ጎብጧል። በረዶው ሲቀልጥ፣ ሰው ከተነሳበት ፍራሽ እንደሚነፋ፣ መሬቱ ቀስ ብሎ ቀና ማለት ጀመረ። አሁንም አላቆመም። በስዊድንና በፊንላንድ መሐል ባለው የቦትኒያ ባሕረ ሰላጤ ዳርቻ መሬቱ በዓመት ወደ 1 ሴንቲ ሜትር ይነሳል።

ይህ መነሳት በመሬት ቅርፊት ውስጥ ያሉ የድሮ ስብራቶችን ቀሰቀሰ። ሰሜን ስዊድን ውስጥ ፓርቪ የሚባል 150 ኪሎ ሜትር ያህል የሚረዝም ስብራት አለ። ከ10 ሺህ ዓመት ገደማ በፊት በመለኪያው ወደ 8 የሚጠጋ መንቀጥቀጥ እንዳስነሳ ይገመታል። ዛሬ ጸጥ ያለ አገር ነው። ወደ ደቡብ በጀርመኗ ሩገን ደሴት፣ በላትቪያና በሊትዌኒያ ደግሞ ተመራማሪዎች ቀድሞ የውርጭ ሥራ ተብለው ሊታለፉ ይችሉ የነበሩ የታመሱ ንብርብሮችን ዳግም እየመረመሩ፣ አንዳንዶቹን የመንቀጥቀጥ ናቸው ብለዋል። የማይስማሙም አሉ። አካባቢው እንደሚታሰበው ድፍን ጸጥተኛ እንዳልሆነ ግን እ.ኤ.አ. በ2004 ታይቷል፤ ካሊኒንግራድ ላይ 5 ገደማ የሆነ መንቀጥቀጥ ደርሷል።

ፊንላንድ ያገለገለ የኒውክሌር ነዳጇን ለመቅበር ኦልኪሉኦቶ ላይ ከ400 ሜትር በላይ ጥልቀት ያለው ዋሻ ቆፍራለች። ኦንካሎ ይባላል። ነዳጁ ለ100 ሺህ ዓመታት ያህል ሳይነካ መቆየት አለበት። በዚያ ጊዜ ውስጥ ሌላ የበረዶ ዘመን መጥቶ ሊሄድ ይችላል። ያኔ መሬቱ እንደገና ይጎብጣል፣ እንደገና ይነሳል። ያለፈው ጊዜ ስንት ጊዜ እንደተንቀጠቀጠ የሚናገረው መዝገብ ደግሞ ያ የተጨማደደ ደለል ነው።

እኛ ጋስ?

በ2017 ዓ.ም. ከፈንታሌና ከአዋሽ አካባቢ የተነሳው ንዝረት አዲስ አበባ ድረስ ሰው ከአልጋ አስነስቷል። መንቀጥቀጡን ማስተዋወቅ አያስፈልግም። የሚገርመው ሁለተኛውም ተጠርጣሪ አገራችን ውስጥ መኖሩ ነው።

ባሌ ሳነቴ አምባ ላይ፣ 4 ሺህ ሜትር አካባቢ፣ ትልልቅ ድንጋዮች ሰው የደረደራቸው ይመስል ቁልቁለቱን ተከትለው በረድፍ ተሰልፈዋል። አንዳንዱ ረድፍ እስከ 15 ሜትር ይሰፋል፣ 2 ሜትር ይጠልቃል። የደረደራቸው ውርጭ ነው። የዛሬው ውርጭ ግን አይደለም፤ የሳነቴ ሌሊት ቢበርድም አፈሩን በጥልቀት አያጠጥረውም። ከ42 ሺህ እስከ 28 ሺህ ዓመት በፊት ባሌ ላይ ግግር በረዶ ነበር፤ ረድፎቹም የዚያ የብርድ ዘመን ቅሪት ናቸው። በዚያው ዘመን ፊንጫ ሃበራ በሚባለው የድንጋይ መጠለያ ውስጥ ሰው ግዙፍ ፍልፈል እየጠበሰ ይኖር ነበር። የማገዶውን አመድና አጥንቱን ቆፍረው አግኝተዋል።

ከባሌ ወደ ስምጥ ሸለቆው ስትወርዱ ነገሩ ይለወጣል። ዝዋይ፣ ላንጋኖ፣ አቢጃታና ሻላ ድሮ አንድ ትልቅ ሐይቅ ነበሩ፤ ደለሉም በቡልቡላ ወንዝ ገደሎች ተገልጦ ይታያል። እዚያ 1,600 ሜትር ከፍታ ላይ መሬትን የሚያጥፍ ውርጭ አይታሰብም። በምትኩ የሚጠረጠር ሌላ አለ፦ ዋልካ። በክረምት ያብጣል፣ በበጋ ይሰነጠቃል፣ የላዩ አፈር ወደ ስንጥቁ ይገባል፣ ሲያብጥ ደግሞ እርስ በርሱ ይፋተጋል። እጥፋቱ ለውርጭም ለመንቀጥቀጥም ይምታታል። የሚያጋልጠው መፋተጉ የሚተወው ገጽ ነው፤ ተሰብሮ ሲታይ በሳሙና እንደታሸ ያብለጨልጫል። እንደዚያ ያለ ገጽ ከሌለና አሸዋው ከሥር ተስቦ የወጣ ከሆነ ግን፣ መለኪያ ሜትር ይዞ ወደ ቀጣዩ ገደል መውረድና ያንኑ ንብርብር እዚያም መፈለግ ነው።